ልጆች የሆነውን ነገር በአንቀጽ እንዲተርኩ ስለ ማስተማር
በኖፓ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



በዚህ በኢሉባቦር የሚያድግ ልጅ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጦ ተረት ሲናገር ብትሰሙት አንደበቱ አይያዝም። ጅቡ ምን እንዳለ፣ ጦጣይቱም ምን እንደ መለሰች፣ ሁሉን በየተራው ይናገራል፤ የሚያስቀውንም ቃል እስከ መጨረሻ ደብቆ ያቆየዋል። ይኸው ልጅ በማግሥቱ ስለ አንድ ቀን ውሎህ ጻፍ በተባለ ጊዜ ግን «ቡና ጠቃሚ ነው፤ ማር ጣፋጭ ነው፤ ትምህርት መልካም ነው» ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። የማታው ተራኪ ወዴት ሄደ?

ልጁ ጽሕፈትን ከንግግር የተለየ ባዕድ ነገር አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚህም ላይ የእናቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱንም በእርሱ ይማራል፤ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ሲጽፍ ግን ቃሉን ሲፈልግ ነገሩ ይጠፋበታል። ስለዚህ ታሪኩ ከመጻፉ በፊት በአፍ ይነገር ዘንድ ይገባል፤ ያውም በመጀመሪያ በእናቱ ቋንቋ። ይህ አማርኛውን ያዳክማል የሚል መምህር ቢኖር እኔ አልስማማም። ምን እንደሚናገር ያወቀ ልጅ ቃሉን ይፈልጋል፤ ያላወቀ ግን የሰው ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለደው በዚሁ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ነው፤ በሕፃንነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። አስቴር ጋኖም እንደዚሁ በልጅነቷ ለባርነት ከተሸጡት አንዷ ነበረች፤ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ መርከቢቱ በኢጣልያኖች ተይዛ ነፃ ወጣች። ሁለቱ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሆነው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 አሳተሙ፤ የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነበር። አስቴር ለዚህ ሥራ ያመጣችው ሀብት በልጅነቷ የሰማችውን ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈንና እንቈቅልሽ ነበር። ከዘመድ ተለይታ፣ ከአገርዋ ርቃ ሣለች በጆሮዋ የቀረውን በወረቀት አሰፈረችው። እንግዲህ የሰሙትን መጻፍ ዝቅ ያለ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ አማርኛው ችግር እንግባ። አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ማር ለመቍረጥ ወጥቶ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፤

«አባቴ ማታ ወደ ጫካ ሄዶ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎውን አጭሶ ማሩን ቈርጦ ወርዶ መጣ።»

ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሄዶ፣ ወጥቶ፣ አጭሶ፣ ቈርጦ እያለ ቦዝ አንቀጽ በቦዝ አንቀጽ ላይ ስለ ደረበ፣ ሁሉም ድርጊት እኩል ሆነ፤ የሚያስፈራውም ከማያስፈራው አልተለየም። የአማርኛ ቋንቋ በዚህ በኩል ለጋስ ነው፤ ዐሥር ድርጊት በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይሸከማል። ልጁ ሊማር የሚገባው የትኛው ድርጊት የራሱ ማሰሪያ እንደሚገባው መምረጥ ነው። መምህሩ «አንተ የት ነበርህ? ምን ሰማህ? የፈራኸውስ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ምናልባት እንዲህ ይወጣል፤

«ጨረቃ ሳትወጣ አባቴ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ወደ ጫካ ገባ። እኔም ችቦውን ይዤ ተከተልሁት። ከዛፉ ሥር ስንደርስ ችቦውን ተቀብሎኝ ወጣ። ከላይ ጢሱን ብቻ አየሁ። ወዲያው ገመዱ ተንቀጠቀጠ። ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ሁለተኛ ስጠራው፣ ‹እንጀራህን አዘጋጅ› አለኝ።»

«አድርጎ»ና «ይዤ» እንደ ነበሩ መቅረታቸውን ልብ በሉ፤ ቦዝ አንቀጽ ይጥፋ አላልንም። «ተንቀጠቀጠ» ግን ብቻውን ቆመ፤ አንባቢውም ከልጁ ጋር ከዛፉ ሥር ቆመ። «ከዚያ በኋላ» የሚለውም ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላስፈለገም።

እናንተ ሽማግሌዎች ሆይ፤ ከእናንተ የሚፈለገው ምክር ሳይሆን ታሪክ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ወደ ክፍሉ ገብቶ ያየውን አንድ ነገር ይንገር፤ የጐሬ መንገድ በበቅሎ በሚኬድበት ዘመን የሆነ ቢሆን፣ የሶር ወንዝ በሞላ ጊዜ የሆነም ቢሆን መልካም ነው። ዕድሜውን በሙሉ አይተርክ፤ አንድ ቀን ይበቃል። ልጆቹ ይጠይቁት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑም መልሰው ይንገሩት፤ ከዚያም ይጻፉ።

መምህሩም ደብተሩን ሲቀበል ቀዩን ብዕር ጥቂት ያቆየው። አስቀድሞ ጽሑፉን በልጁ ፊት ጮኾ ያንብብለት፤ ልጁ ራሱ «እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልያለሁ» ብሎ የሚያቋርጥበት ቦታ ብዙ ነው። ያን ቦታ ይጻፍ፤ ሆሄያቱ በሁለተኛው ቀን ይታረማሉ።