አቋቋም እንደ እንቅስቃሴ ትምህርት
(ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሁሉ ከውጭ አገር የመጣ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ዮጋ ሲነሣ ዐይን ሁሉ ወደ ህንድ ያቀናል፤ ማቅናቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መስከረም 1 ቀን በእንጦጦ ራጉኤል የሚከበረውን በዓል ለማክበር ሌሊቱን ወደ ኮረብታው ወጥቶ በቅኔ ማኅሌቱ የሚገኝ ሰው፣ ትንፋሽንና እንቅስቃሴን አጣምሮ የሚያሠለጥን ጥንታዊ ትምህርት በሥራ ላይ ያያል። ይኸውም አቋቋም ነው። በዮጋ የአካል ይዞታ መጠሪያ የሆነው «አሳና» የተባለው የሳንስክሪት ቃል መሠረቱ መቀመጥ ነው፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ግን ትምህርታቸውን ከመቆም ሰየሙት።

የአቋቋም መምህር የግል ልምምዱና የሚያስተምረው ትምህርት ሁለት አይደሉም። ለራሱ የተለየ የልምምድ ሰዓት ሳይመድብ፣ ደቀ መዝሙሩ ሊቆም በሚገባው ሥፍራ አስቀድሞ ይቆማል። ደቀ መዝሙሩም የዜማውን ቃል ሳያውቅ እግሩን እንዲያነሣ አይፈቀድለትም።

የሥርዓቱ ቅደም ተከተል በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። አንድ ዜማ በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ይህ ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ዝቅና ከፍ እያደረጉ ይዘምሙታል። ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ጭብጨባ የሚታከልበት ፈጣኑ ጽፋት ይከተላል። ያው ዜማ በየእርከኑ ሲፈጥን አካልም አብሮት እየሞቀ ይሄዳል። የስፖርት መምህራን ማሟሟቅ የሚሉት ነገር እዚህ ለብቻው የተቀጠለ መግቢያ ሳይሆን የሥራው የራሱ አካል ነው። ከበሮው ብቻ ተነጥሎ በመድረክ ሲቀርብ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ዝግታው የቀረበት አቋቋም ግማሹን አጥቷል።

የእንጦጦ ኮረብታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቱን ገና ሳያጋምስ ያለከልካል። በዚህ ስፍራ እየዘመረ የሚንቀሳቀስ ሰው ትንፋሹን ሊደብቅ አይችልም፤ ከልኩ በላይ ቢፈጥን ዜማው ይቆረጥበታል። የሩጫ አሠልጣኝ ሯጩ እየሮጠ መነጋገር መቻሉን የልክ መለኪያ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ የአቋቋም መምህርም ሰዓት መያዝ ሳያስፈልገው የተማሪውን ድካም በድምፁ ይለያል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ተሰልፈው ስለሚቆሙም ጀማሪው እንደ መስተዋት የሚያየው አካል አያጣም።

አሳሳቢው ጉዳይ ግን የሚከተለው ነው። ዜማው ፊደል አለው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል ምልክቱን እንደ ደነገጉ ይታወቃል። በቅርብ ዘመንም ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት 3 ቅጽ የዜማው ስብስብ ለዓለም ተመራማሪዎች ቀርቧል። እንቅስቃሴው ግን እንዲህ ያለ ፊደል ስለሌለው ከመምህር አካል ወደ ተማሪ አካል ይተላለፋል። የህንዱ መምህር ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የዮጋን ይዞታዎች ወደ 600 በሚጠጉ ፎቶግራፎች ስላሳየ፣ መምህሩን ያላየ ሰው እንኳ መነሻ አገኘ። የጎንደር በአታና የደብረ ታቦር ኢየሱስ ስመ ጥር የአቋቋም ቤቶች፣ ታች ቤትና ላይ ቤት የሚባሉት፣ በእንቅስቃሴ የሚለያዩበትን ነጥብ ለማየት ግን የሁለቱንም መምህራን በአካል ማግኘት ይጠይቃል። ሽማግሌው መምህር ሲያርፍ ከጉልበቱና ከትከሻው ጋር የሚቀበር ዕውቀት አለ።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ ካሜራው በዝቷል፤ የሚቀርጸው ግን ከበሮውንና ፊትን ነው። ይህ ማኅበር በእንቅስቃሴ ትንተና የሠለጠኑ አባላት ስላሉት፣ ሊቃውንቱን አስፈቅዶ አንዱን ዜማ ከቁም እስከ ጽፋት ሳይቆርጥ፣ ከጎንና ከፊት፣ የእግርን አረጋገጥ ጨምሮ ሊቀርጽ ይችላል። በአንዱ ቤት የተቀረጸው ከሌላው ጋር በማይደባለቅበት ሁኔታ፣ መምህሩ ራሱ እያንዳንዱን እርከን በቃሉ እያስረዳ ቢቀዳ፣ ቅጂውም አስቀድሞ ለራሱ ለጉባኤ ቤቱ ቢሰጥ ሥራው በአንድ በዓል ሊጀመር ይችላል።