ወጌሻው፣ አጥንቱና ጡንቻው
በሐዋሳ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በሐዋሳ ዙሪያ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ወጌሻ ያየዋል። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ይታመናልም። ዝናው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጥንት በስብራቱ ዙሪያ ከረጋው ደም ተነሥቶ በመጀመሪያ ለስላሳውን፣ ቀጥሎም ጠንካራውን ድልድይ ራሱ ይሠራልና የልጅ ክንድ በ6 ሳምንት ገደማ ይገጥማል። ምስጋናውን ግን ወጌሻው ይወስዳል።

ጡንቻ ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም። በቀርከሃ ስንጥር ጠብቆ የታሰረ ክንድ ሲያብጥ የጡንቻው ሽፋን አይለጠጥም፤ ግፊቱ ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ ከ6 ሰዓት ያህል በኋላም ጡንቻና ነርቭ የማይመለስ ጉዳት ያገኛቸዋል። ሕመሙ መበርታቱና ጣቶቹ መደንዘዛቸው የመዳን ምልክት ከተባለማ መጨረሻው ክንዱን መቁረጥ ነው፤ ያውም ሊገጥም የነበረውን!

ወጌሻን መንቀፍ ብቻውን አይበጅም። ዶክተር መኰንን እሸቴ በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዙ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ለወጌሾች የ1 ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚህ ሰበብ የሚቆረጡ እጆችና እግሮች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ሊነገራቸው የሚገባው ብዙ አይደለም፤ ማሰሪያው ይላላ፤ ጣቶቹ ሳይሸፈኑ ይታዩ፤ ቆዳው የተቀደደ ስብራት ሳይታሽ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላክ።