«ስኳርህ ነው» ከተባለ በኋላ



ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ራሴን አዞረኝ ሲል «ስኳርህ ነው» ይሉታል። እግሬን አቃጠለኝ፣ ሆዴን ነፋኝ፣ ትከሻዬ አልነሳ አለኝ ቢልም መልሱ ያው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ እውነት አለው፤ ጉዳቱ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። ስኳሩ ወረደ ወይስ ጨመረ? በስንት ሰዓት? ምን ተበልቶ፣ ምን ያህል ተወግቶ? ደግሞስ ስኳሩ ባይሆንስ? በሌላ በኩል፣ ስኳሩ ጨርሶ ሳይጠረጠር «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ታይፎይድ ነው»፣ ሲብስም «ዓይን ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሞልቷል። ዛሬ የምናወጋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሚጉላላው ሰው ነው።

ከሥሩ እንነሳ። ዓይነት አንድ ስኳር ጣፋጭ በማብዛት የሚመጣ አይደለም። በሽታን ሊከላከል የተሰለፈው የሰውነት ኃይል ዞሮ የራሱን ቆሽት ያጠቃል፤ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይጨርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ዛሬ ኢንሱሊን ያገኘ ሰው ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ነገር ግን ጤነኛ ቆሽት ማንም ሳያዘው የሚሠራውን ሥራ አሁን ሰውየው በገዛ እጁ ይሠራዋል። መጠኑ ሲበዛም ሲያንስም ሰውነቱ ይናገራል፤ ንግግሩ ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

እስቲ አንድ ሚኒባስ ውስጥ እንግባ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። መስኮቱ ጥግ የተቀመጠችው ልጅ ግንባሯ በላብ ርሷል። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲላት ብሩን በእጇ ይዛ ታየዋለች እንጂ አትሰጠውም። ሲደግምላት ትቆጣለች፣ ምላሷም ይተሳሰራል። አጠገቧ ያለው ሰው «ጠጥታለች» ብሎ ፈንጠር ይላል፤ ከኋላ ያሉት እናት ያማትባሉ። ልጅቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኤን ፒ ኤች የሚባለውን ደፍረስ ያለ ኢንሱሊን ተወግታለች። ይህ ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጉት በኋላ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ምሳዋ ደግሞ ዘግይቷል። ስኳሯ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዷል፤ አንጎሏ የሚሠራበት አጥቷል።

የሚያስፈልጋት ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ነው። ስኳር የሌለው ለስላሳ ግን አይረባትም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ትለካለች፤ ካልተስተካከለ ይደገማል፤ ከዚያ ምሳዋን ትበላለች። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አይፈስስም፣ ያንቃታልና፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ሌሊት የሚወርድ ስኳር ደግሞ ይብሳል፤ የሚያይ ሰው የለምና። ሰውየው ሲቃዥ ያድራል፣ ቢጃማው በላብ ይርሳል፣ ጠዋት ራሱን እያመመውና እንዳልተኛ ሰው ደክሞት ይነሳል። ማታ ጠላ ወይም ቢራ ከጠጣ አደጋው ይጨምራል፤ ጉበት አልኮሉን ሲያጣራ ስኳር መልቀቁን ችላ ይላል። እንዲህ ያለ ሌሊት የሚደጋገምበት ሰው ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ መለካት አለበት። ቤተሰቡ ለቅዠቱ ሌላ ትርጓሜ ከመፈለጉ በፊት ያቺን ቁጥር ማየት ይቅደም።

አንዳንዱ ታማሚ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ ምንም ምልክት አያይም። ስኳር ደጋግሞ ሲወርድ ሰውነት ይለምደዋል፤ ላቡና መንቀጥቀጡ ይቀርና ሰውየው በቀጥታ ራሱን ይስታል። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶችም የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይደብቃሉ። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ኢንሱሊን እወስዳለሁ» ማለት አይረሳ።

አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ። ኢንሱሊን ሲጎድል ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን ስላልደረሰው ስብ ማንደድ ይጀምራል። ከዚህ የሚወጣው ኪቶን የሚባል አሲድ ደሙን ይመርዛል። ምልክቱ ብዙዎችን ያሳስታል። ሆድ ቁርጠቱና ማስመለሱ ጨጓራ ወይም ትርፍ አንጀት ያስመስላል፤ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈሱ የሳንባ ምች ይመስላል። ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ውሃ የማይጠግብና እንደገና አልጋው ላይ መሽናት የጀመረ፣ እየከሳ የሄደ ልጅ ካለም፣ የስኳር ምርመራ ለነገ አይባልም።

እዚህ ላይ ሕይወት የሚያስከፍል አንድ አስተሳሰብ አለ፤ «ስላልበላሁ መርፌውን ልተወው» የሚል። የታመመ ሰውነት ምግብ ባያገኝም ኢንሱሊን ይፈልጋል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከወትሮው ይልቅ ይፈልጋል። መጠኑን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቆም አይችልም። ፀበል የሚሄድም ይሂድ፤ መርፌውን ግን ይዞ ይሂድ። የሚጾም ሰውም፣ የዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሁሉን በሥርዓት እየሠሩ ስኳራቸው አንድ ቀን 60፣ በማግስቱ 350 የሚሆንባቸውስ? መልሱ አንዳንዴ ቆዳ ላይ ነው። ሸሚዙን ገልጣችሁ እምብርቱ ግራና ቀኝ በጣታችሁ ብትዳስሱ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ወይም ጠጠር ያለ እብጠት ታገኛላችሁ። እዚያው ቦታ ሲወጉ ሲወጉ የተጠራቀመ ስብ ነው። እዚያ መውጋት ብዙም ስለማያም ሰው ይወደዋል፤ ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ የሚወጣው እንደፈለገው ነው። መፍትሔው ቦታ መቀያየር ነው፤ ሆዱን፣ ጭኑን፣ ክንዱን። ታዲያ ወደ ደህናው ቦታ ሲዛወር መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉን ስለሚያገኝ የቀድሞው መጠን ሊበዛ ይችላልና፣ ይህን ከባለሙያ ጋር ማድረግ ይሻላል።

ብልቃጡም ይጠየቅ። ደፍራሳው ኢንሱሊን ከመወጋቱ በፊት በመዳፍና በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይሽከረከራል፤ አለዚያ አንዱ ቀን ቀጭኑን፣ ሌላው ቀን ወፍራሙን መውጋት ይሆናል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ይጣላል። እንደ አፋርና ጋምቤላ ባለ ሙቀት፣ ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ እርጥበት ያለው የሸክላ ማሰሮ ይረዳል።

ተለካ፣ ስኳሩም ደህና ነው፤ ሕመሙ ግን አለ። አሁን «ስኳርህ ነው» የሚለው መልስ መቆም አለበት። ቆሽትን ያጠቃው የመከላከያ ኃይል ሌላውንም ሊነካ ይችላል። በተደጋጋሚ የሚጠቃው የታይሮይድ ዕጢ ነው። ዕጢው ሲደክም ሰው ብርድ ይፈራል፣ ይደክመዋል፣ ይወፍራል፤ ከመጠን በላይ ሲሠራ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል። ይህ ቁርጥ የስኳር መውረድን ይመስላል፤ የሚለየው መለኪያው ብቻ ነው።

ሌላው ሴሊያክ ነው፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚያስቆጣበት ሕመም። ሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ፣ ደም ማነስ፣ የልጅ አለማደግ ያመጣል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በገብስ የተደባለቀ እንጀራ፣ ዳቦና በሶ ግን አላቸው። ከምርመራው በፊት ስንዴውን ማቆም ውጤቱን ስለሚያበላሽ ምርመራው ይቅደም። ኢንሱሊኑ ሳይጨመር ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድ፣ ሰውየው የሚከሳ፣ የመዳፉ መስመርና ድዱ የሚጠቁር፣ ጨው ጨው የሚያሰኘው ከሆነ፣ የአድሬናል ዕጢ መድከም ይጠርጠር። ይህ ብዙ አይገኝም፤ ከተዘነጋ ግን ይገድላል። አልነሳ ያለው ትከሻም ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚበዛ የታወቀ ሕመም ነው፤ የራሱ ሕክምና አለው።

የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ውድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂት ብቻ ካለ ቢያንስ አንዷ ምልክቱ ለተሰማበት ሰዓት ትቀመጥ፤ እጅም ይታጠብ፣ ብርቱካን የላጠ ጣት ውሸት ይናገራልና። መለኪያ በሌለበት የመውረድ ምልክት ከታየ፣ እንደወረደ ተቆጥሮ ስኳር ይወሰድ። ከዚያ በአንድ ደብተር ላይ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ፣ የተበላው፣ የተወጋው፣ የተሰማው ይጻፍ። «ያዞረኛል» ብቻ የሚለውን ሐኪም በግምት ያክመዋል፤ «ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ 58» የሚለውን ግን በማስረጃ ያክመዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ቤታችሁ መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ስኳርህ ሲወርድ ምን ይሰማሃል? ያን ጊዜ የምትወስደው ስኳርስ የት ተቀምጧል? መልሱን ቤት ያለ ሁሉ ይወቀው።