በረዶና ጉርብትና
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 እንድንናገር የተሰጠን ርእስ፣ በምንኖርበት በሚኒሶታ በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ የገበሬ ቤተሰብ ክረምቱን እንዴት ያሳልፍ እንደነበር ነው።

በአገራችን ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና እርሻ ነው። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ማረሻ አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በፈረሙት ሕግ መሠረት፣ 5 ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጠው ነበር። የሚኒሶታ መሬት ቀድሞ የዳኮታና የኦጂብዌ ሕዝቦች እንደነበረ ሳንጠቅስ አናልፍም። ሕጉ መሬቱን የወሰደው ሰው እዚያው እንዲኖርበት ያስገድድ ስለነበር፣ ቤቶቹ እንደ አገራችን መንደር አልተጠጋጉም። ጎረቤት ከጎረቤት ራቀ።

ሥራ የሚጀመረው ሳይነጋ ነው። ምድጃው ይቀጣጠላል፤ በባልዲ ያደረው ውሃ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ከብቶቹ በጋጣ ስለሚከርሙ ድርቆሽ መስጠት፣ ማለብ፣ ፍግ መጥረግ፣ የመጠጫ ገንዳውን በረዶ መስበር የየዕለት ሥራ ነው። ብርዱ ሲጠና አሳማ ይታረዳል፤ ሥጋው በጨው ታሽቶና በጢስ ታጥኖ ለወራት ይቆያል። ከሞራ ሻማ ይሠራል። ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ከቤቱ ሥር በተቆፈረ ጓዳ ይቀመጣሉ። ወንዶቹ እንጨት ይቆርጣሉ፤ ግንዱን በበረዶ ላይ በፈረስ ማስጎተት በጭቃ ከማስጎተት ይቀላል። ከሐይቅ በረዶ በመጋዝ ቆርጠው፣ በሰጋቱራ ሸፍነው ለበጋ ያስቀምጣሉ። ሴቶቹ ሱፍ ይፈትላሉ፣ ካልሲና ጓንት ይሠራሉ። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆችም የእርሻ ሥራ በሚቀልበት በዚህ ወቅት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ብርዱ ግን አታላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ጠዋቱ ለስለስ ያለ ነበር። ድንገት በተነሣው የበረዶ ማዕበል በዳኮታ፣ በነብራስካና በሚኒሶታ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ነበሩ።

ከብርዱ የማይተናነሰው ጠላት ብቸኝነት ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ እንደኛ ደቦ ተጠራርተው ቁራጭ ጨርቅ እየቀጣጠሉ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ሥራውም ጨዋታውም እዚያው ነው። በኤልክ ሪቨር አጠገብ ያርስ የነበረው ኦሊቨር ኬሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1867 ከባልንጀሮቹ ጋር ግሬንጅ የተባለውን የገበሬዎች ማኅበር መሠረተ። ተራርቆ የሚኖረውን ገበሬ ማገናኘት አንዱ ዓላማው ነበር። ሴቶችም ሙሉ አባላት ነበሩ፤ ይህም ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። እርሻው ዛሬ ሙዚየም ስለሆነ ልጆቻችንን ወስደን ብናሳያቸው መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ ውሃ በባልዲ አይረጋብንም፤ ማሞቂያም አለን። ብቸኝነቱ ግን አልለቀቀንም። እኛ ሌሊት ታክሲ የምንነዳ አባላት እናውቀዋለን፤ ስንገባ ልጆች ትምህርት ቤት፣ የትዳር ጓደኛ ሥራ ናቸው። ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶቻችንና አባቶቻችንማ ከኅዳር እስከ መጋቢት ከመስኮት ሥር ይቀመጣሉ። ቋንቋ የለም፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ የሚያንኳኳም የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበራችን በበረዶው ወራት ለእያንዳንዱ አረጋዊ ሁለት አባላት ይመድብ። በሳምንት አንድ ጊዜ ስልክ ይደወል፤ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄደን ቡና አብረን እንጠጣ። ሐኪም ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው ያጡትን እኛ ሾፌሮቹ ተራ ገብተን እናደርሳለን። ዕድራችን ሰው ሲሞት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ሰው በሕይወት ሳለም ይድረስ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ መዝገቡን ዛሬውኑ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንክፈት።

 ለሚቀጥለው 10 ዓመት በሰላም ያድርሰን።