ተለጠፈ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም

አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በኢንተርኔት ከሚተላለፈው መረጃ እንዳይቀሩ፦ በይፋግ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ኢንተርኔት እንድናገር ታዝዣለሁ፤ ንግግሬን የምጀምረው ግን ከገበያ ነው። ይፋግ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ አገር ያለፉ የውጭ ተጓዦች ገበያዋን በጽሑፋቸው ጠቅሰዋል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚደርሰው በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ፣ አዋጅ ነጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ነበር። ያልሰማ ይስማ፣ የሰማም ላልሰማ ያሰማ ይባል ነበር። ስለዚህ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ዓይናማውም ዓይነ ስውሩም እኩል ይሰሙ ነበር። ጉልበቱ ደክሞ ከቤት ለዋለው አረጋዊ ደግሞ ጎረቤቱ ነገሩን ይዞለት ይገባል፤ አዋጁ ራሱ ይህን አደራ ጥሎበታልና።

ዛሬ ገበያውም አዋጁም ወደ ስልክ ገብተዋል። የሥልጠና ጥሪ፣ የሕክምና ዘመቻ ቀን፣ የፈተና ውጤት፣ ከሩቅ ያለ ልጅ የላከው ገንዘብ ሁሉ በስልክ ይመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ከከተማ አልፎ ገጠር ደርሷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላም ፋይዳ ለብዙ አገልግሎቶች የሚጠየቅ ሆኗል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አዲሱ ገበያ ለአንዳንዱ ወገናችን ድምፅ የሌለው ገበያ ሆኖበታል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ጥፋት ነው።

የኔታና ዝም ያለው ስልክ

ወደ ልማት ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ ደብር ጸሐፊ ሆኜ አገለግል ነበር። አንድ ቀን የዓይን ሐኪሞች ወደ አካባቢው ጤና ጣቢያ እንደሚመጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። የዓይን ቆባቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን የሚወጋቸውን ሰዎች በነጻ እንደሚያክሙ ይናገራል። ደብዳቤውን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በደብሩ የቴሌግራም ቡድን ለጠፍሁት። ማኅተሙም ፊርማውም በግልጽ ስለሚታይ ሥራዬን በሚገባ የፈጸምሁ መሰለኝ።

በደብሩ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ ዓይነ ስውር የኔታ ነበሩ። ከተማ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ አምጥቶላቸው ነበር። በቡድኑ የሚጻፈውን ሁሉ ስልኩ ያነብላቸዋል። የእኔ መልእክት ሲደርስ ግን «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ። የኔታም የበዓል ሥዕል መስሏቸው አለፉት። አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እኅታቸው በዚያው የዓይን ሕመም ለዓመታት የተሠቃዩ ነበሩ። ሐኪሞቹ መጡ፤ ሠሩ፤ ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ የኔታ አስጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ደብዳቤውን ለሁላችንም ልከሃል አሉ፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ግን ወሬው ብቻ ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። እኅታቸው ሌላ ዙር እስኪመጣ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ እያስነቀሉ ቆዩ። በመጨረሻ ታከሙ፤ የአንደኛው ዓይናቸው ብርሃን ግን አልተመለሰም። ደብዳቤውን ዐሥር መስመር አድርጌ በጽሑፍ ብጽፈው ኖሮ፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢነበብ ኖሮ፣ ይህ ባልሆነ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈ ማለት ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።

የተቸገሩት የት ናቸው?

«በእኛ ሰበካ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ የለም» የሚል ሊኖር ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ 1 በመቶ ጥቂት ከፍ የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም ወደ 1.3 ቢሊዮን የሚጠጋው፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። የአቆጣጠሩ መንገድ የተለያየ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቤተሰብ አፍሮ ከጓዳ ያስቀመጠውን ልጅ፣ ማየት ወይም መስማት መድከሙን «እርጅና ነው» ብሎ ያለፈውን አባት ቆጣሪ አያገኘውም። በየቤቱ ለጸበልና ለንስሐ የሚገባ ካህን ግን ያገኘዋል። ክልላችን በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት የዓለም አካባቢዎች አንዱ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በደጋው ሁሉ በዚህ በሽታ ዓይናቸው የጠፋ እናቶች አሉ።

በሩ የሚዘጋባቸው ሦስት ቦታዎች

አንደኛው በር የሚዘጋው በጽሑፋችን ነው። ስልክና ኮምፒውተር ጽሑፍን በድምፅ ማንበብ የሚችሉት ጽሑፉ በእርግጥ ጽሑፍ ሲሆን ነው። ፎቶ የተነሣ ወይም ስካን የተደረገ ደብዳቤ ለእነዚህ አንባቢዎች ባዶ ሥዕል ነው። ሌላም ስውር ችግር አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ገብቷል። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፊደል ማተሚያዎች ግን የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እያለበሱ የሚጽፉ ነበሩ። በጽሕፈት ቤቶቻችን እስከ ዛሬ በእነርሱ የሚጽፍ አለ። ለዓይን «ማስታወቂያ» ተብሎ የሚታየው ጽሑፍ ለአንባቢው መሣሪያ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው። በዩኒኮድ የተጻፈውን ግን ኢስፒክ ኤንጂን የመሳሰሉ በነጻ የሚገኙ የድምፅ ፕሮግራሞች በአማርኛ ያነቡታል። ድምፃቸው እንደ ሰው ድምፅ አይለሰልስም፤ ለለመደ ጆሮ ግን ይበቃል።

ሁለተኛው በር የምሥጢር ቁጥር ነው። ማየት የደከማት እናት ልጇ የላከላትን ገንዘብ ለማውጣት ስልኳን ለሰው ትሰጣለች፤ ከስልኩም ጋር የምሥጢር ቁጥሯን ትናገራለች። አብዛኛው ረዳት ታማኝ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ታማኝ ባይሆን የሚሄደው የእርሷ የዓመት ቀለብ ነው። ታማኝ ቢሆንም እንኳ ስንት እንደተላከላት፣ ስንት እንደቀራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የገዛ ገንዘቧን በሰው ዓይን እያየች መኖሯ ክብሯን ይነካል። በኮከብ 127 መሰላል የሚደወለው የቴሌብር አገልግሎት ኢንተርኔት ባይኖርም በተራ ስልክ ይሠራል፤ ሆኖም ምርጫውን ቀስ ብሎ የሚያነብ አረጋዊ ሳይጨርስ ይዘጋበታል። አገልግሎት ሰጪዎች ጊዜውን እንዲያራዝሙና ምርጫው በድምፅ እንዲነገር መጠየቅ የእኛም ድርሻ ነው።

ሦስተኛው በር ግንኙነቱ ራሱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ወቅት ሁሉን በኢንተርኔት ብቻ ያስተላልፍ የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ያለው መልእክት ለማንም አስተማማኝ አይደለም፤ ለደካማው ደግሞ ይልቁን።

ያለን ሀብት

በዚህ ሥራ እኛ ጀማሪዎች አይደለንም። ሀገረ ስብከታችን የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥእት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙራምባ የሚገኙበት ምድር ነው። የቃል ትምህርታችን በጆሮ ገብቶ በልብ የሚቀመጥ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ያስባል፤ ይቆጥራል፤ ያስነግራል። ስለዚህም ዓይነ ስውር ተማሪ በቅኔ ቤት ከባልንጀሮቹ እኩል ይውላል፤ መምህር ሆኖም ወንበር ይዘረጋል። እንግዲህ ዓይነ ስውር የኔታን ለወንበር ያበቃች ቤተ ክርስቲያን በቴሌግራም ማስታወቂያ ልታስቀራቸው አይገባም።

መንግሥታዊ አገልግሎትም በድምፅ ሊሰጥ እንደሚችል በአገራችን ታይቷል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው በ8028 በነጻ ደውሎ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ የተቀዳ ትምህርት በቋንቋው ይሰማል። ማንበብ አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ለገበሬው ታስቦ የተሠራው ይህ አገልግሎት ለዓይነ ስውሩም መንገድ ሆነ። ለደካማው የተጠረገ መንገድ ብርቱውን እንደማያደናቅፈው ሁሉ ማለት ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንደ አቅሙ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 መረጃና ኢንተርኔት ለእነርሱ ተደራሽ እንዲሆኑ ይጠይቃል። የድረ ገጽ ባለሙያዎች በዓለም ደረጃ ያወጡት መመሪያ ደግሞ በአራት ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፦ ይታያል ወይም ይሰማል? በእጄ ላንቀሳቅሰው እችላለሁ? ይገባኛል? በያዝሁት መሣሪያ ይሠራል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በሰበካ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፈው ቢቀመጡ ብዙ ጥፋት ይከለክላሉ።

ከየሰበካው የሚጠበቅ

ገንዘብ ሳይጠይቁ ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ የሚጀመሩ ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

1. ማስታወቂያ ሁሉ በሦስት መንገድ ይተላለፍ። በዩኒኮድ ተጽፎ በቴሌግራም ይላክ፤ ፎቶው ካስፈለገ ከጽሑፉ በታች ይሁን። ከ1 ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት አብሮ ይላክ። ከቅዳሴ በኋላም በዐውደ ምሕረት ይነበብ። ድምፁ ዓይነ ስውሩን ሲረዳ መስማት የተሳነውን እንደሚያስቀር አትርሱ፤ ለእርሱ ጽሑፉ ግድ ነው። ሁለቱ አይተካኩም።

2. መልእክቱ በዋናው ነገር ይጀምር፦ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለማን። የደብዳቤ ቁጥርና ረጅም ሰላምታ ቀድሞ የሚያነብ ስልክ ሰሚውን ያሰለቸዋል።

3. በሰበካው መዝገብ ማየት፣ መስማት ወይም መንቀሳቀስ የተሳናቸው ምእመናን ፈቃዳቸው ተጠይቆ ይመዝገቡ። መልእክት በየትኛው መንገድ እንዲደርሳቸው እንደሚፈልጉም ራሳቸው ይናገሩ። ጌታችን በርጤሜዎስን ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠይቆታል፤ ዓይነ ስውርነቱ እየታየ እንኳ ሳይጠይቀው አልፈወሰውም።

4. የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይሠልጥኑ። በአንድሮይድ ስልክ ማስተካከያ ውስጥ ተደራሽነት በሚለው ክፍል የሚገኘውን ቶክባክ የተባለውን አንባቢ መክፈት፣ ፊደልን ማጉላት፣ ድምፅን ማስተካከል ይማሩ። በባለ ቁልፍ ስልክ ላይ 5 ቁጥርን በእጅ የሚለየው ትንሽ ጉብታ አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሌሎቹን ቁጥሮች በመዳሰስ ማግኘት ይቻላል። ወጣቱ ቁጥሩን ራሱ ከመጫን ይልቅ እናቲቱ በራሷ ጣት እንድትጭን ያስተምራት። የማንንም የምሥጢር ቁጥር አለመጠየቅና አለመጻፍ የአገልግሎታቸው ደንብ ይሁን።

5. ለፋይዳ ምዝገባ የሚሄዱ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀድመው እንዲስተናገዱ ሰበካ ጉባኤው ከመዝጋቢዎች ጋር ይነጋገር። ምዝገባው የዐሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። አፈር ሲቆፍር ኖሮ አሻራው የተፋቀ አባት «አልተቀበለህም» ተብሎ ዝም ብሎ እንዳይመለስ አብሮት የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

ክቡራን አባቶች፤ የኦሪት ሕግ በዓይነ ስውር ፊት እንቅፋት ማኖርን ይከለክላል። እንቅፋት ሲባል ድንጋይ ብቻ ይመስለን ነበር። ያነሣሁት ፎቶ እንቅፋት ነበር፤ ያኖርሁትም እኔ ነኝ።

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ሁለተኛ ምዕራፍ የጻፈውን መጻጉዕ ታስታውሳላችሁ። አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፤ በሩ በሕዝብ ብዛት ተዘጋባቸው፤ ጣራውን ነድለው አወረዱት። ስለዚህ ታሪክ ስንሰብክ የአራቱን ፍቅርና እምነት እናደንቃለን፤ ተገቢም ነው። የታሪኩን ፍጻሜ ግን እናስተውል። ያ ሰው የተመለሰው በአራቱ ትከሻ አይደለም፤ አልጋውን ራሱ ተሸክሞ ነው። የእኛም ርዳታ ፍጻሜው እንዲህ ሊሆን ይገባል። አረጋዊውን ዕድሜ ልኩን በሌላ ሰው ዓይንና በሌላ ሰው ጣት ተሸክመን ለማኖር ሳይሆን፣ ማስታወቂያውን በጆሮው ሰምቶ፣ ገንዘቡን በጣቱ ቆጥሮ፣ ጉዳዩን ራሱ ጨርሶ ወደ ቤቱ እንዲገባ ነው።

የኔታ ዛሬም ያስተምራሉ። አሁን ማስታወቂያ ስጽፍ ከመላኬ በፊት አስቀድሜ ለእርሳቸው እልካለሁ። «ደርሷል» ካሉኝ ለሌላው ይደርሳል። በየሰበካችሁ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ፈልጉ፤ ከማኅተማችሁ በፊት የእርሱን ቃል ስሙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።