ሥራን በየፈርጁ ስለ መዘገብ
(በሰባታሚት ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ አዴት የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወደዚህ ወደ ሰባታሚት ስንመጣ፣ ግራና ቀኝ ያለውን ማሳ ሳትመለከቱት እንዳላለፋችሁ እገምታለሁ። ገበሬው አንዱን ለጤፍ፣ አንዱን ለበቆሎ ወይም ለዳጉሳ፣ ሌላውን ለግጦሽ ለይቶታል። ዓመቱ ሲያልቅ «ምን አገኘህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉን በአንድነት ቆጥሮ አይመልስም፤ በየዓይነቱ ይናገራል። የዛሬው ንግግሬ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ይኸውም በሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ላይ በየፈርጁ የመዘገብነውን ሥራ እንዴት አድርገን በእውነት ሪፖርት እናደርጋለን የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ተሰብስበው የአጃይል መግለጫ የተባለውን ጽሑፍ አወጡ። በማግሥቱ ዓመት በአውስትራሊያ የተሠራው ጂራ የተባለው ሶፍትዌር ለገበያ ቀረበ። የሥራ ካርድን በሰሌዳ ላይ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው የማሸጋገሩ ዘዴ ግን ከዚህ ይቀድማል፤ ምንጩ የጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ ካንባን ነው። በአገራችንም የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ የዚሁ የጃፓን ትምህርት ብዙ ፋብሪካዎችን አዳርሷል።

በእነዚህ ሶፍትዌሮች ላይ አንድ ቲኬት በብዙ መንገድ ይፈረጃል። ዓይነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ አገልግሎት ነው፣ ወይም ስሕተት ነው፣ ወይም ተራ ተግባር ነው። ሌብል የምንለው ምልክት ግን አንድም አሥርም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ልዩነት የመጀመሪያው አደጋ ይወለዳል። «ሒሳብ» እና «ደኅንነት» የሚሉ ሁለት ሌብሎች ያሉት ቲኬት በሁለቱም ፈርጅ ስለሚቆጠር፣ የፈርጆቹ ድምር ከጠቅላላው ሥራ ይበልጣል። ሁለተኛው አደጋ ቁጥርን ከክብደት ጋር ማምታታት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከተዘጉት 40 ቲኬቶች 30ዎቹ ጥቃቅን የጽሑፍ ማረሚያዎች፣ 10ሩ አዳዲስ አገልግሎቶች ቢሆኑ፣ ሪፖርቱ የሥራችን ሦስት አራተኛ ማረሚያ ነበር ይላል፤ የወሰደብን ጊዜ ግን ምናልባት ተቃራኒውን ይመሰክራል።

ሦስተኛው አደጋ የኛው የራሳችን ነው፤ እኔም የወደቅሁበት እርሱ ስለሆነ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍሉን ፕሮግራም ስንሠራ፣ ሌብሎቹን በአማርኛ እንድንጽፍ ተስማማን። ውሳኔው ያኮራ ነበር። ሪፖርቱን የማወጣው እኔ ነበርሁ። «ሒሳብ» ብዬ ፈለግሁ፤ የቀረው ሥራ እምብዛም መሆኑን አየሁ፤ ለኃላፊዎችም ይህንኑ አስታወቅሁ። ፕሮግራሙ ለአገልግሎት በተሰጠ ማግሥት ክፍያ ፈልገው የመጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ዋሉ። በስብሰባው ላይ አንዲት ወጣት ባልደረባችን «ችግሩን እያወቅሽ ደበቅሽ» ተብላ ተወቀሰች። እርስዋ ግን አልደበቀችም። እያንዳንዱን ጉድለት በጊዜው መዝግባ ነበር፤ የጻፈችው ግን በሃሌታው «ሀ» ቤት «ሂሳብ» ብላ ነው። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለመኪናው ሁለት ፈርጅ ነበር። እኔ ግማሹን ብቻ ቆጥሬ ሙሉ ነው ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በዚያው ጉባኤ ፊት ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይሁን እንጂ ወቀሳው ከይቅርታው ቀድሞ ደርሶባት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ፈርጅ ባዶ ስም አለመሆኑን ነው፤ ከስሙ ጋር ዕዳና ተጠያቂነት ይመጣል። ለዚህ የአገራችን ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች መሬትን ለም፣ ለም-ጠፍና ጠፍ ብለው በሦስት ከፍለውት ነበር። ግብሩ በፈርጁ ልክ ስለሆነ፣ ባለመሬቱ መሬቱ ጠፍ እንዲባልለት ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣም፣ መሬታችን ተለክቶ ከእጃችን ይወጣል የሚለው ሥጋት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በኛም ሙያ እንዲሁ ነው። አለቃ በስሕተት ብዛት የሚቀጣ ከሆነ፣ ስሕተቱ ሁሉ «ማሻሻያ» የሚል ስም ያወጣል። ሪፖርቱ ያምራል፤ ፕሮግራሙ ግን ያው ነው።

ስለዚህ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፈርጆቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ሠራተኛው በእጁ ከሚጽፋቸው ይልቅ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይምረጣቸው፤ ያን ጊዜ ሐመሩ «ሐ»ና ሃሌታው «ሀ» አይጣሉብንም። ሁለተኛ፣ በሪፖርቱ ግርጌ ፈርጅ ያልተሰጣቸው ቲኬቶች ስንት እንደሆኑ ይጻፍ፤ «ሌላ» የሚለው ረድፍ ሲያብጥ የፈርጅ አከፋፈላችን መታመሙን ይነግረናልና። ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ ጎን የወሰደው ጊዜ ይቀመጥ። አራተኛና ዋናው፣ ሪፖርቱ ሥራን ለመረዳት እንጂ ሰውን ለመክሰስ አይዋል፤ ከአንድ ሠራተኛ ስም ጋር የሚያያዝ ነገር ሲገኝም ሠራተኛው አስቀድሞ ይጠየቅ።

ገበሬው ምርቱን በየዓይነቱ ሲናገር የተሳሳተ እንደሆነ የሚራበው ራሱ ነው። እኛ ስንሳሳት ግን የሚሰለፈው ሌላ ሰው ነው። ሪፖርት ከማቅረባችን በፊት ይህን ሰው እናስበው።