ከነበልባሉ እንጀምር፦ የሲሚንቶ ምድጃና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀት



ስለ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ጉዳት ብዙ አልናገርም። ሳንባን እንደሚያውኩ፣ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ኦዞን እንደሚፈጥሩ፣ ለአሲድ ዝናብም ምክንያት እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። የዛሬው ጥያቄዬ በሲሚንቶ ምድጃ ላይ የትኛው መፍትሔ ይቅደም የሚል ነው። ሲሚንቶን የመረጥሁት ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ነገ እንደ ሙገር፣ ደርባና መሰቦ ባሉ ፋብሪካዎች ሊሠሩ ስለሚችሉ ነው።

ከአየሩ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ አተሞች በሦስትዮሽ ቦንድ ስለተሳሰሩ በተለመደው ሙቀት ኦክስጅን አይነካቸውም። ክሊንከር ግን 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል፤ ቁሱን እዚያ ለማድረስ ነበልባሉ ወደ 2000 ይጠጋል። በዚህ ሙቀት ነጠላ የኦክስጅን አተም ቦንዱን ይሰብራል። የሶቪየቱ ሳይንቲስት ያኮቭ ዜልዶቪች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንዳሳየው፣ የዚህ ሂደት ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር እኩል አይራመድም፤ ሙቀቱ ጥቂት ሲጨምር እርሱ እጅግ ያሻቅባል። ሁለተኛው ምንጭ በድንጋይ ከሰሉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲሆን፣ እርሱ ያን ያህል ሙቀት አይጠብቅም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ በቅድመ ማሞቂያው ማማ ውስጥ አሞኒያ ወይም ዩሪያ መርጨት ነው። ከ850 እስከ 1050 ዲግሪ ባለው ክልል አሞኒያው ናይትሪክ ኦክሳይዱን ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይመልሰዋል። ሙቀቱ ከዚያ ሲበልጥ አሞኒያው ራሱ ተቃጥሎ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሲያንስ ደግሞ ሥራውን ሳይሠራ በጢስ ማውጫው ያመልጣል። ካታሊስት የሚጠቀመው ዘዴ የተሻለ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ የምድጃው አቧራም ይፈታተነዋል።

እስቲ እናስላው። በቀን 3000 ቶን ክሊንከር የሚያመርት ምድጃ እንውሰድ። ለአንድ ኪሎ ክሊንከር 2 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 500 ሚሊግራም ለመቀነስ ብንፈልግ፣ በቀን 3 ቶን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። በኬሚስትሪው ስሌት ብቻ 2 ቶን ዩሪያ ያስፈልጋል፤ በተግባር ከዚህ ይበልጣል። 20 ኩንታል በየቀኑ! ዩሪያን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ፣ ገበሬዋም ማዳበሪያ ለሚጠብቅባት አገር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ እኔ ከነበልባሉ እንጀምር እላለሁ። ትርፍ አየርን መቆጣጠር፣ የነበልባሉን ቅርጽ ማስተካከል፣ በካልሳይነሩ ውስጥ ነዳጁን በመጀመሪያ በጥቂት አየር አቃጥሎ ቀሪውን አየር ከፍ ብሎ መስጠት፤ እነዚህ ዩሪያ አይበሉም። ገደብ ግን አላቸው። አየሩ ከልክ በላይ ሲቀንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል፣ የክሊንከሩ ጥራት ይጎዳል፣ ሰልፈርም ከቁሱ እየተላቀቀ የጋዝ መተላለፊያውን በደለል ይዘጋል። ዩሪያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ለቀረው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ንጹሕ አየር የተቀላቀለበት ጢስ በሜትር ኩብ ሲለካ የጸዳ ይመስላል፤ የተለቀቀው መጠን ግን ያው ነው። በሲሚንቶ ዘርፍ ልኬቱ ወደ 10 በመቶ ኦክስጅን እየተመለሰ የሚነጻጸረው በዚህ ምክንያት ነው። የልቀት ሪፖርት ሲደርሳችሁ ከሚሊግራሙ በፊት ኦክስጅኑ ስንት እንደነበር ጠይቁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።